ሥራ ያጣ ዜማ፦ የባሕር ዘፈን በቶሮንቶ

በ1979 እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ ግሮኒንግ ቦርድ ይባል በነበረ ምግብ ቤት፣ ስታን ሮጀርስ የተባለ ቁመተ ረጅም፣ ጢማም ዘፋኝ ከወንድሙና ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሲዘፍን ድምፁ ተቀረጸ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ከዚያ ቅጂ የወጣው ሸክላ «ቢትዊን ዘ ብሬክስ» ይባላል። በውስጡ ከመቶ ዓመት በፊት የዓሣ ነባሪ አዳኞች ይዘፍኑት የነበረ ጥንታዊ ዜማ ይገኛል። ከእርሱም ጎን ዘፋኙ ራሱ የደረሳቸው፣ ነገር ግን ሰሚው «እነዚህስ ከአያት ከቅድመ አያት የመጡ ናቸው» ብሎ የሚምልላቸው አዳዲስ ዘፈኖች አሉ።

ይህን ሸክላ ርእስ አድርገን ስንነሣ «ከእኛ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ባሕርን የምናውቀው በካርታና በታሪክ መጽሐፍ ነው። በስደት ላይ የሚገኝ ተማሪ የሚያሳስበው ስንት ነገር እያለ ስለ መርከበኞች ዘፈን ማተት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በየስብሰባችን ማብቂያ፣ ቡናው ቀርቦ ክራር ሲነሣ፣ አንድ ያልተቋጨ ክርክር አብሮ ይነሣል። ገሚሳችን ያገር ቤቱ ዘፈን እንዳለ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል ይጠበቅ እንላለን። ገሚሳችን ደግሞ ዘመን ባለፈበት ዜማ አንቆዝም፣ አዲስ ይደረስ እንላለን። ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ የዘነጉ ይመስለናል፤ ይኸውም ዘፈኑ ለማን ምን ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። የባሕር ዘፈን ታሪክ ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አጥርቶ ስለሚያሳይ ልንመረምረው መርጠናል።

«ሻንቲ» በመባል የሚታወቀው የመርከበኞች ዜማ በ19ኛው መቶ ዓመት በነፋስ ኀይል በሚጓዙት የንግድ መርከቦች ላይ የዳበረ ነው። ዛሬ በመድረክ ሲሰማ ለመዝናኛ የተፈጠረ ቢመስልም በጊዜው እንደ ገመዱና እንደ መዘውሩ የሥራ መሣሪያ ነበር። ከባድ ሸራ ወደ ምሰሶው ጫፍ ለማውጣት ብዙ ሰዎች አንዱን ገመድ በአንድ ቅጽበት መሳብ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከሳበ ጉልበቱ ሁሉ ይባክናል። ስለዚህ አውራጁ አንዲት ስንኝ ለብቻው ያወርዳል፤ ተቀባዮቹም በአዝማቹ ውስጥ በታወቁ ቃላት ላይ እኩል ይስባሉ። መልሕቅ ሲነሣ ደግሞ ሥራው ዘንግ እየገፉ መዞር በመሆኑ ዜማው ረዘም ይላል፤ ምቱም የእርምጃ ምት ይሆናል። መርከቢቱ ያስገባችውን ውኃ በመሳቢያ ሲያወጡም ለዚያ የሚስማማ ሌላ ዜማ ነበር።

«አውራጅ» እና «ተቀባይ» የሚሉትን ቃላት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ደቦ ወይም ወንፈል ወጥቶ ያጨደ፣ ያረመ ወይም የወቃ የገበሬ ልጅ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ያወርዳል፤ ሌላው «ሆ» ብሎ ይቀበላል፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይወርዳል። ሻንቲም ቢሆን የአንድ ሕዝብ ብቻ ሀብት አይደለም። የእንግሊዝና የአየርላንድ መርከበኞች፣ በአሜሪካ ደቡብ ወደቦች ጥጥ ይጭኑ የነበሩ ጥቁር ወዛደሮች፣ የካሪቢያን ደሴቶች የወደብ ሠራተኞች ሁሉ አዋጥተውበታል። ከዚህም በላይ ዜማው መተንፈሻ ነበር። በመርከብ ላይ ካፒቴኑን ፊት ለፊት መቃወም እንደ አመፅ ያስቀጣል፤ ስለ ምግቡ መበላሸት፣ ስለ ደመወዙ ማነስ በዜማ ማማረር ግን ሥራው እስካልቆመ ድረስ ይታለፍ ነበር። አዝማሪ በጌታው ፊት ቆሞ በሰምና ወርቅ ምን እንደሚናገር የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህን ዜማ ጸጥ ያሰኘው የእንፋሎት ሞተር ነው። በ1869 የሱዌዝ ቦይ ሲከፈት ወደ እስያ የሚወስደው መንገድ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር አጠረ። የቀይ ባሕር ነፋስ ግን ለሸራ መርከብ አይመችምና የአዲሱ መንገድ ጥቅም ለእንፋሎት መርከብ ሆነ። በእንፋሎት መርከብ ላይ ገመድ የሚስቡ የተባበሩ እጆች ብዙም አያስፈልጉም፤ የሚያስፈልገው ከሰል የሚዝቅ ሰው ነው። 20ኛው መቶ ዓመት ሲገባ ሻንቲ ከሥራው ዓለም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የዚያው ቦይ ታሪክ እኛንም ይነካናል። ቦዩ በተከፈተበት በኅዳር 1869 ሩባቲኖ ለተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ የአሰብ መሬት ግዢ ውል ተፈጸመ፤ በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1885 ደግሞ ምጽዋን ያዘ። የሸራ መርከበኛውን አፍ ያዘጋው ሞተርና ቅኝ ገዥን ወደ ቀይ ባሕራችን ዳርቻ ያመጣው ሞተር አንድ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ጸጥታ በገዛ ቤታችን ደርሷል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሌሊት ተነሥተው፣ በወፍጮው ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መጁን ወደ ፊት ወደ ኋላ እየገፉ እህል ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር። የእንጉርጉሮው ምት የመጁ ምት ነው። የባል በደል፣ የአማት ምላስ፣ የሞተ ልጅ፣ ርቆ የሄደ ወንድም በዚያ ይነሣል፤ ለሰው የማይነገር ለወፍጮ ይነገራል። ሞተር ወፍጮ በየወረዳው ሲተከል ሴቲቱ ከወገብ ቆራጭ ድካም ዐረፈች። ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን የሚክድ እህል ፈጭቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን እንጉርጉሮው ከድንጋዩ ጋር ከቤት ሲወጣ ልብ ያለው ጥቂት ነበር። እኛም የተማርን ነን የምንለው ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ገጽ ስንጽፍ ስለዚህ አንዲት አንቀጽ አልጻፍንም።

የመርከበኞቹ ዜማ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በኖቫ ስኮሺያ ሔለን ክራይተን የተባለች ሴት ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓሣ አጥማጆችንና የገበሬዎችን ዘፈን መሰብሰብ ያዘች፤ የመጀመሪያ ስብስቧም በ1932 ታትሟል። በሌሎችም አገሮች እንዲህ ያሉ ሰብሳቢዎች ተነሥተዋል። ውለታቸው ከፍተኛ ነው። ይሁንና በመጽሐፍ የተቀመጠ የሥራ ዘፈን በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀንበር ነው፤ ይታያል፣ ይደነቃል፣ አይጠመድበትም።

ቀንበሩን ከግድግዳ ያወረዱት ከጦርነቱ በኋላ የተነሡ ወጣቶች ናቸው። በ1969 ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አንድ ጥንታዊ የመርከበኛ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ተጫውቶ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል በሚወስድ ቅጂ አወጣው፤ ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ «ፎክ ሮክ» ይባላል። በቶሮንቶም በዮርክቪል ሠፈር ሪቨርቦት የተባለው ቡና ቤት ከ1964 እስከ 1978 ለባለጊታር ደራሲያን መድረክ ሆኖ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 1975 ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለችው የጭነት መርከብ በሱፔሪየር ሐይቅ ላይ በማዕበል ተመትታ 29 ሰዎቿን ሁሉ ይዛ ስትሰጥም፣ ጎርደን ላይትፉት ስለዚሁ አደጋ በጥንታዊ የባሕር ትረካ ቅርጽ ዘፈን ደርሶ በቶሮንቶ ስቱዲዮ ቀረጸው፤ በ1976 ወጣ። ሐይቅ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር የጣናን ማዕበል በታንኳ የተሻገረ ሰው ይመልስለት። እኛም የጣናን ዳርቻ ባሕር ዳር ብለን ስንጠራ የኖርን ነን።

ስታን ሮጀርስ ከዚህ ዘመን የበቀለ ነው። በኅዳር 1949 ሐሚልተን በተባለችው የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ ከቶሮንቶ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ትርቃለች። ከተማይቱ ከውቅያኖሱ እጅግ ሩቅ ናት። ወላጆቹ የኖቫ ስኮሺያ ተወላጆች ሲሆኑ እንደ ብዙ የጠረፍ ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ ኦንታሪዮ የፈለሱ ናቸው። ልጁ ባሕሩን ያወቀው በቤት ከሚሰማው ወግና በክረምቱ ዕረፍት ከዘመዶች ዘንድ ሲሄድ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም ሸክላ «ፎጋርቲስ ኮቭ» ብሎ የሰየመውም በእናት አባቱ አገር በሚገኝ አንድ የባሕር ወሽመጥ ስም ነው። የካናዳ ባሕር ድምፅ ነው የተባለው ሰው እንግዲህ የፈላሽ ልጅ ነበር። ይህን ስናነብ በዳንፎርዝ ጎዳና ዙሪያ ተወልደው አገራቸውን ከወላጆቻቸው አፍ ብቻ የሚያውቁትን የወገኖቻችንን ልጆች ማሰባችን አልቀረም።

«ባሬትስ ፕራይቫቲርስ» የተባለው ዝነኛ ዘፈኑ አወላለድም ለነገራችን ምስክር ነው። በ1976 ሰድበሪ በተባለችው የኦንታሪዮ የማዕድን ከተማ በተደረገ የሙዚቃ በዓል፣ ከቶሮንቶ የመጡ ባልደረቦቹ ተራ በተራ ሻንቲ እያወረዱ ሲያዘፍኑ እርሱ አውራጅ የሚሆንበት የራሱ ዘፈን አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ደረሰ። ባሕር በሌለበት በኒኬል ማውጫ ከተማ የተደረሰው ይህ ዘፈን ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ የ18ኛው መቶ ዓመት ቅርስ ይመስላል። ታሪኩ በ1778፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ የሚፈጸም ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥታት ለግል መርከቦች የጠላትን መርከብ ይዘርፉ ዘንድ የፈቃድ ደብዳቤ ይሰጡ ነበር፤ ይህ ሕጋዊ ዘረፋ የተከለከለው በ1856 በፓሪስ በተፈረመ ስምምነት ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንድ ወጣት ያለ ውጊያ ወርቅ ታፍሳለህ ተብሎ ይመለመላል። መርከቢቱ የበሰበሰች ናት። የመጀመሪያው እውነተኛ ፍልሚያ ያደቃታል፤ ወጣቱም በ23 ዓመቱ እግሮቹን አጥቶ፣ ብቻውን ተርፎ በሐሊፋክስ ወደብ ይቀራል። ካፒቴኑና ጉዞው የደራሲው ፈጠራ ናቸው፤ ፈቃድ ሰጪው ሳይነካ ተመልማዩ ሒሳቡን የሚከፍልበት አሠራር ግን ፈጠራ አይደለም።

በግሮኒንግ ቦርዱ ሸክላ ላይ ይህ ዘፈን ከጥንታዊው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ዜማ ጋር አብሮ ይሰማል። ጥንታዊው ዜማ ከሰሜን በረዷማ ባሕር ወደ ሐዋይ ደሴቶች ሙቀት የሚመለሱ ደካማ ሠራተኞችን ደስታ የሚገልጽ ነው። «ዘ ሜሪ ኤለን ካርተር» የተባለው አዲሱ ዘፈን ደግሞ ባለቤቶቿ የመድን ገንዘባቸውን ተቀብለው የተዉአትን የሰጠመች መርከብ፣ በእርሷ ላይ ያገለገሉት ሠራተኞች በገዛ ጉልበታቸው ከባሕር ወለል ሊያነሷት ሲታገሉ ይተርካል። በተለይ ልናነሣው የምንወደው ግን «ዋይት ኮላር ሆለር» የሚባለው የናይጀል ራስል ድርሰት ነው። አውራጅና ተቀባይ ያለበትን የጉልበት ሠራተኛ ዜማ ወስዶ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ አፍ ይሰጠዋል። ሰሚው ይስቃል። ከሣቁ በኋላ ግን የቢሮው ሰው አብሮት የሚስብ ተቀባይ እንደሌለው ትዝ ይለዋል። በአንድ ሸክላ ውስጥ የጥንቱ ሠራተኛ፣ የተካደው ሠራተኛና የዛሬው ሠራተኛ ጎን ለጎን መቆማቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ መልካም፤ ግን በእውን የሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ቢለን የምንመልሰው አለን። የካቲት 12 ቀን 1983 ማሪን ኤሌክትሪክ የተባለች ከሰል የጫነች አሮጌ የአሜሪካ መርከብ በቨርጂንያ ጠረፍ በማዕበል ሰጠመች። በላይዋ ከነበሩት 34 ሰዎች 31ዱ በበረዶው ውኃ አለቁ። ከተረፉት ሦስቱ አንዱ የመርከቢቱ ምክትል አዛዥ ሮበርት ከሲክ ነው። ውኃ በሞላባት ጀልባ ውስጥ ሆኖ ማዕበሉ ሲያለብሰው ትንፋሹን እየያዘ፣ ሲገለጥለት ደግሞ የሜሪ ኤለን ካርተርን አዝማች እየጮኸ እስኪነጋ መቆየቱን ተናግሯል፤ ለደራሲውም በደብዳቤ አሳውቆታል። የሥራ ዘፈን ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ስታን ሮጀርስ ከቴክሳስ የሙዚቃ በዓል ሲመለስ፣ ወደ ቶሮንቶ ይበር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑ በሲንሲናቲ ቢያርፍም ከ46ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 23ቱ ሞቱ። ሮጀርስ ከሟቾቹ አንዱ ነበር፤ ዕድሜው 33 ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ውዳሴ ብቻ ይሆንብናል። ዛሬ «ባሬትስ ፕራይቫቲርስ» በየመጠጥ ቤቱ ብርጭቆ እያጋጩ የሚያስተጋቡት የደስታ ዘፈን ሆኗል። እኛም በአንድ ቅዳሜ ማታ ከካናዳውያን የትምህርት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን፣ እግሩን ያጣውን ወጣት ዋይታ ጠረጴዛ እየደበደብን ተቀብለናል። ትርጉሙን የተረዳነው በማግስቱ ነው። የናፍቆት ዘፈንም እንዲሁ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 2 ቀን 1992 የካናዳ መንግሥት በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ኮድ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ አገደ፤ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራውን አጣ፤ እገዳው የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። በእገዳው ማግስት በ1993 በዚያው በሴንት ጆንስ ከተማ የተመሠረተው ግሬት ቢግ ሲ የተባለው ባንድ ጥንታዊ የባሕር ዘፈኖችን ከራሱ ድርሰቶች ጋር እየቀላቀለ በመላ ካናዳ ገነነ። ዓሣ አጥማጁ ከባሕር ሲወጣ ዘፈኑ ወደ መድረክ ወጣ። ይህ መጽናኛ ነው ወይስ ማስረሻ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዘፋኙና ሰሚው ታሪኩን ማወቃቸው ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአርበኞች ዘመን የወረደውን የ«ፋኖ ተሰማራ» ዜማ አንሥተው የሆ ቺ ሚንንና የቼ ጉቬራን ስም አስገቡበት። «አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?» ብለው አልተከራከሩም፤ ሥራ ሰጡት፤ ሠራም። ነገር ግን ያንን ዜማ ከተቀበሉት መካከል ስንቶቹ በ1977ና በ1978 ቀይ ሽብር እንደ ወጡ ቀሩ! ለዜማ ሥራ መስጠት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ሽለላችንና ቀረርቷችን የሚሄደውን በድምቀት ይሸኛል፤ እግሩን አጥቶ ለተመለሰው ያለን ዜማ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ከየወገኑ ስንት ወጣት በዜማ እንደ ተሸኘ እናስታውሳለን። የተመለሰውንና ያልተመለሰውን የሚያነሣ ዘፈን ዕዳ አለብን፤ ሽኝቱን በሩቅ ሆነን ያጨበጨብን ስደተኞች ደግሞ ዕዳው ይበልጥ ይመለከተናል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በዳንፎርዝ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን ነበር። «እማማ፣ የወፍጮውን እንጉርጉሮ ያውቁት እንደሆነ ቢሉልን» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ስንት ዘመኑ! ያለ ወፍጮ ከየት ይመጣልኛል?» አሉን። ቡና ቀርቦ ሌላ ወግ ሲነሣ ግን ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ጨርቁን ወደ ፊት ወደ ኋላ ይገፉ ጀመር። ዜማው ከእጃቸው ጋር መጣ፤ ከቃሉም የሚበዛው ተመለሰላቸው። አጠገባቸው የነበረችው እዚሁ የተወለደች የልጅ ልጃቸው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት የምታጸዳ ናት። «እኔም ወለል ስወለውል እንዲህ ነው የማደርገው» ብላ በእጇ አሳየች። ያን ጊዜ ነው የክርክራችን መልስ በከፊል የታየን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ክራይተን በኖቫ ስኮሺያ እንዳደረገችው፣ በዚህ ከተማ የሚኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያውቁትን የወፍጮ፣ የአጨዳና የደቦ ዜማ፣ ከቃሉ ጋር የእጁን እንቅስቃሴና የሥራውን ዓይነት ጭምር፣ አሁን በሕይወት ሳሉ እንቅረጽ። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ግጥም የሚሆንለት ሁሉ ሌሊት ታክሲ ለሚነዳው፣ በመጋዘን ዕቃ ለሚያነሣው፣ በሆስፒታል ወለል ለምትወለውለው በእነዚያው ዜማዎች ላይ ይጻፍ። የተጻፈውም በሚቀጥለው ስብሰባችን ማብቂያ ይወረድ፤ ተቀባይ እንሆናለን።